ባዶ የቀረ ዓምድ ከሌላ ሰንጠረዥ እንዴት ይሞላል?

አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አለ እንበል። አባላቱን የያዘው በዳታቤዝ ነው። በአንዱ ሰንጠረዥ የአባል ቁጥር፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ስልክ እና ክፍለ ከተማ ተጽፏል። ይህን «አባላት» እንበለው። የብዙዎቹ ስልክ ባዶ ነው። ስልኩ ጠፍቶ ግን አይደለም። ማኅበሩ አምና ሰዉን እንደ አዲስ ሲመዘግብ ስልኩን የተቀበለው በሌላ ሰንጠረዥ ነው። እሱን ደግሞ «ምዝገባ» እንበለው።

ሥራ አስኪያጁ «ስልኩን ከዚያ ወደዚህ አምጡልኝ፣ በቃ» ይላሉ። እውነትም ትእዛዙ ከአምስት መስመር አይበልጥም። ብዙ ሰው እንደ ዘበት የሚያየውም ለዚህ ነው። ራስ ምታቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የዚህኛው ሰንጠረዥ ረድፍና የዚያኛው ሰንጠረዥ ረድፍ የአንድ ሰው መሆናቸውን በምን ታውቃላችሁ? ዳታቤዙ አያውቅም። እናንተ አንድ ናቸው ካላችሁት አንድ ናቸው ብሎ ይሄዳል። ከተሳሳታችሁም ድምፅ አያሰማም። «ይህን ያህል ረድፍ ተሻሽሏል» ብሎ ዝም ይላል።

የትኛው ባዶ?

መጀመሪያ «ባዶ» የምንለው ነገር ምን እንደሆነ እንይ። በዳታቤዝ «ነል» የሚባል ምልክት አለ። ዋጋው አይታወቅም ማለት ነው። ዜሮ አይደለም፤ ባዶ ጽሑፍም (አንድም ፊደል የሌለበት ጽሑፍ) አይደለም። ዜሮ ብር ማለት ኪስ ተፈትሾ ምንም አልተገኘም ማለት ነው። ነል ግን ገና ያልተፈተሸ ኪስ ነው።

ዛሬ የምንጠቀምበትን፣ መረጃን በሰንጠረዥ የሚያስቀምጠውን ሞዴል በ1970 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው በአይቢኤም ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ ነው። የጎደለ ዋጋ በነል እንዴት እንደሚያዝ ደግሞ በ1979 ባወጣው ጽሑፍ ላይ አብራራ። በ1990 ግን አንድ ምልክት አይበቃም አለ። «ዋጋው አለ፣ እኛ ግን አናውቀውም» የሚለው እና «ለዚህ ሰው ጭራሽ አይመለከተውም» የሚለው ተለይተው ይቀመጡ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ዳታቤዝ የሚታዘዝበት ቋንቋ ኤስኪውኤል ግን ይህን አልተቀበለም። እስከ ዛሬ ያለው አንድ ነል ብቻ ነው።

ይህ የፈላስፎች ክርክር ይምሰል እንጂ በማኅበራችን ሰንጠረዥ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ስልካቸው ያልተጻፈ ነጋዴ አሉ። ስልክ የሌላቸው እናትም አሉ። ሁለቱም በሰንጠረዡ ላይ ነል ናቸው። ለነጋዴው ባዶው ጉድለት ነው፤ ለእናትየው ግን ትክክለኛ መልስ ነው። በምዝገባው ላይ በእናትየው ስም የልጃቸው ስልክ ተጽፎ ከሆነና ዝም ብለን ከቀዳነው፣ ስለ ብድራቸው የሚላከው መልእክት ሁሉ ልጃቸው ጋ ይገባል። እሳቸው ደግሞ ይህ እንዲሆን አልፈቀዱም።

ነል ሌላም ጠባይ አለው። ከምንም ጋር እኩል አይሆንም፤ ከራሱ ጋር እንኳ። ስለዚህ «ስልኩ ከነል ጋር እኩል የሆነበትን ረድፍ አሳየኝ» ብትሉ አንድም ረድፍ አይመጣም። ጀማሪ ይህን አይቶ «ለካ ባዶ የለንም» ይላል። የሚጻፈው የእኩል ምልክት ሳይሆን «ኢዝ ነል» ነው።

ከኤክሴል የመጣ መረጃ ላይ ደግሞ እውነተኛ ነል ብርቅ ነው። አንዱ ጸሐፊ «የለም» ብሎ ጽፏል። ሌላው ሰረዝ አድርጓል። ሌላው ቅጹ አላሳልፍ ሲለው አሥር ዜሮ ደርድሯል። አንዳንዱ ረድፍ ላይ ደግሞ በዓይን የማይታይ አንድ ክፍት ቦታ ብቻ አለ። ኦራክል ባዶ ጽሑፍን እንደ ነል ይቆጥራል፤ ሌሎቹ ታዋቂ ዳታቤዞች ግን ይለዩታል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት በስልክ ዓምድ ውስጥ ያሉትን ዋጋዎች በየዓይነታቸው ሰብስባችሁ ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ የሚደጋገመው «ስልክ» ስልክ አይደለም።

ትእዛዙና ወጥመዱ

ወደ አማርኛ ብንመልሰው ቀላሉ ትእዛዝ እንዲህ ይላል፦ «የአባላትን ሰንጠረዥ አሻሽል። የእያንዳንዱን ሰው ስልክ፣ በምዝገባ ውስጥ ያው የአባል ቁጥር ባለው ረድፍ ላይ በተጻፈው ስልክ ተካ።» በኤስኪውኤል አነጋገር «አፕዴት» ተብሎ ይጀመራል፣ «ሴት» ይከተላል፣ ከዚያ በቅንፍ ውስጥ ከምዝገባ ስልኩን የሚያመጣ ትንሽ «ሰሌክት» ይገባል። ያ ትንሽ ሰሌክት ለእያንዳንዱ አባል አንድ ጊዜ እንደሚጠየቅ አድርጋችሁ አስቡት።

አሁን አራት አባላት እንውሰድ። 101 ስልኩ ባዶ ነው፣ ምዝገባ ላይ አለ። 102 ስልክ አለው፣ ምዝገባ ላይም ሌላ ስልክ አስመዝግቧል። 103 ባዶ ነው፣ ምዝገባ ላይ አለ። 104 ስልክ አለው፣ ምዝገባ ላይ ግን አልመጣም።

ትእዛዙን እንዳለ ብናስኬደው 101 እና 103 እንደፈለግነው ይሞላሉ። 102 ላይ የነበረው ስልክ ጠፍቶ በሌላ ይተካል። ጉዱ 104 ላይ ነው። ምዝገባ ውስጥ ሲፈለግ አልተገኘም፤ ያልተገኘ ነገር ነል ነው፤ ትእዛዙም «ተካ» ነው የሚለው። ስለዚህ የነበረው ትክክለኛ ስልክ ተሰርዞ ነል ይገባበታል። ባዶ ልንሞላ ሄደን አዲስ ባዶ ፈጠርን። ስሕተት የሚል መልእክትም አይወጣም።

መከላከያው ሁለት ቅድመ ሁኔታ ነው። አንደኛው «ስልኩ ባዶ የሆነውን ብቻ ንካ» የሚለው ነው። ሁለተኛው «በምዝገባ ውስጥ አቻ ያለውን፣ አቻውም ስልክ የጻፈውን ብቻ ንካ» የሚለው ነው፤ ለዚህ «ኤግዚስትስ» ያገለግላል። ሁለቱም «ዌር» በሚለው ክፍል ውስጥ ይገባሉ፤ ከቅንፉ ውጪ። ሁኔታውን በቅንፉ ውስጥ ብቻ ጽፎ ሁሉም ረድፍ እንደተጠበቀ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። በቅንፉ ውስጥ ያለው የሚወስነው ምን እንደሚመጣ ነው። የትኛው ረድፍ እንደሚነካ የሚወስነው የውጪው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ «ባዶዎቹን ብቻ ከነካሁ ሁለተኛው ለምን ያስፈልገኛል? አቻ የሌለው ነል ነበረ፣ ነል ይሆናል» ሊል ይችላል። ልክ ነው፣ ለነል። ነገር ግን ባዶ ስንል ባዶ ጽሑፍንም ጨምረን ከሆነ፣ ባዶ ጽሑፉ ወደ ነል ይለወጣል። ዓምዱ ነል የማይቀበል ከሆነ ደግሞ ሥራው መሐል ላይ በስሕተት ይቆማል። ከዚያም በላይ፣ ምንም ሳይቀየርላቸው የተነኩ ረድፎች በአብዛኛዎቹ ዳታቤዞች «ተሻሽለዋል» ተብለው ይቆጠራሉ። «መጨረሻ የተሻሻለበት ቀን» የሚል ዓምድን በራሱ የሚሞላ ትሪገር ካለ እሱም በከንቱ ይነሳል። በመጨረሻ የሚወጣው ቁጥር ስንት ሰው እውነተኛ ስልክ እንዳገኘ አይነግራችሁም።

«ኮአለስ» የሚባለውን የሚወዱም አሉ። ከተደረደሩለት ዋጋዎች የመጀመሪያውን ነል ያልሆነ ይመርጣል። «ያለው ካለ ያለውን፣ ከሌለ የምዝገባውን» ማለት ነው። ያምራል፣ 104ንም ያድናል። ነገር ግን ብቻውን ሲጻፍ በአብዛኛዎቹ ዳታቤዞች ሰንጠረዡን ሙሉ እንደገና ይጽፈዋል። ለመቶ ረድፍ ግድ የለም። ለብዙ ሚሊዮን ረድፍ ግን ሌላው ተጠቃሚ ሁሉ ቆሞ እንዲጠብቅ ሊያደርግ ይችላል። እኔ ዌርን እመርጣለሁ።

እያንዳንዱ ዳታቤዝ የራሱ አባባል አለው

ከላይ ያየነው የቅንፍ አጻጻፍ ሁሉም ቦታ ይሠራል ማለት ይቻላል። ሰው ግን ሁለቱን ሰንጠረዥ በቀጥታ ማገናኘት ይቀለዋል፤ እዚህ ላይ ዳታቤዞቹ አይስማሙም። ማይኤስኪውኤል ላይ ማገናኛው «ጆይን» ከአፕዴት ቀጥሎ፣ ከሴት በፊት ይመጣል። ፖስትግሬስ እና ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ከሴት በኋላ «ፍሮም» ይጻፋል። ኤስኪውላይት ይህንኑ የተቀበለው በ2020 (እ.ኤ.አ.)፣ በ3.33 እትሙ ነው። ኦራክል ለረጅም ጊዜ አልነበረውም፤ በ23ኛው እትም ጨመረው።

ከኤስኪውኤል ሰርቨር ወደ ፖስትግሬስ የሚሻገር ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የሚሻሻለውን ሰንጠረዥ ፍሮም ውስጥ ደግሞ መጥራት የተለመደ ነው። ፖስትግሬስ ግን ደግማችሁ የጠራችሁትን እንደ ሌላ ሰንጠረዥ ያየዋል። ሁለቱን የሚያገናኝ ሁኔታ ካልጻፋችሁ እያንዳንዱ አባል ከሁሉም ረድፍ ጋር ይገናኛል። ውጤቱ ሁሉም ሰው የአንድን ሰው ስልክ መያዙ ሊሆን ይችላል።

«መርጅ» የሚባል፣ አንዱን ሰንጠረዥ ከሌላው ጋር አገናኝቶ የሚያሻሽል ትእዛዝም አለ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) የኤስኪውኤል ስታንዳርድ ውስጥ የገባ ነው። ኦራክልና ኤስኪውኤል ሰርቨር አላቸው፤ ፖስትግሬስ በ2022 በወጣው 15ኛ እትሙ ጨመረው። ማይኤስኪውኤል የለውም። ረዘም ይላል፣ ግን ቀጥሎ ለምናየው ችግር ከሁሉም ይሻላል።

አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሲመዘገብ

103 አንዴ ሰኔ ላይ፣ አንዴ ነሐሴ ላይ ተመዝግቦ ሁለት የተለያየ ስልክ ሰጥቷል እንበል። የትኛው ይገባል?

መልሱ እንደ አጻጻፉ ይለያያል። በቅንፍ ከጻፋችሁት ፖስትግሬስም ኦራክልም «ከአንድ በላይ ረድፍ መጣ» ብለው ይቆማሉ። ኤስኪውላይት ግን ዝም ብሎ መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል። በፍሮም ከጻፋችሁት ፖስትግሬስ ከሁለቱ አንዱን ይወስዳል፤ የትኛውን እንደሚወስድ ቀድሞ ማወቅ እንደማይቻል የራሱ መመሪያ ይናገራል። ዛሬ የሰኔውን፣ ነገ የነሐሴውን ሊሰጣችሁ ይችላል ማለት ነው። መርጅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ረድፍ ሁለት ጊዜ ሊነካ ሲል ስሕተት ብሎ ያቆማል።

ስሕተት ሲወጣ ደስ ይበላችሁ። ዳታቤዙ «ወስኑ» እያላችሁ ነው። ብዙ ሰው ግን ስሕተቱን ዝም ለማሰኘት ስልኩን በ«ማክስ» ይጠቀልለዋል። ማክስ የሚመርጠው ትልቁን ነው፤ ስልክ ደግሞ እንደ ጽሑፍ ሲወዳደር በ09 የሚጀምረው በ07 ከሚጀምረው ይበልጣል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 (እ.ኤ.አ.) አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ሁለቱንም የያዘ ሰው ሞልቷል። ስለዚህ ይህ ዘዴ ሰውየው የትኛውን ስልክ እንደሚያነሳ ሳይጠይቅ ሁልጊዜ ለኢትዮ ቴሌኮም ይፈርዳል።

ትክክለኛው መንገድ አስቀድሞ ምዝገባን በአባል ቁጥር ሰብስቦ ከአንድ በላይ የመጡትን ማየት ነው። ከዚያ ደንብ ታወጣላችሁ፤ ለምሳሌ መጨረሻ የተመዘገበው ይወሰድ። ለዚህ «ሮው ነምበር» የሚባለው ፈንክሽን አለ። የእያንዳንዱን አባል ምዝገባዎች ከአዲሱ ቀን ወደ ድሮው ደርድራችሁ ስታስቀድሙለት ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ እናንተ አንደኛውን ብቻ ትወስዳላችሁ።

በስም እናገናኘው?

እስካሁን ሁለቱም ሰንጠረዥ የአባል ቁጥር እንዳላቸው አድርገን ነው የሄድነው። በተግባር ግን ምዝገባው ላይ የአባል ቁጥር ሳይጻፍ ይቀራል። ያኔ አንዱ ተነስቶ «በስም እናገናኘው» ይላል።

እንዲህ ሲባል ቆም በሉ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ሦስቱም ገጥመው የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው እኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ አንድ ሰው ሆኖ አጻጻፉ የማይገጥመው ይበዛል። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ኀይሉ፣ ሃይሉ ስናነብ አንድ ናቸው። ለዳታቤዙ ግን አራት ሰዎች ናቸው። የግዕዝ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) ወደ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ኮድ የሚሰጠው መለኪያ) ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለየራሳቸው ኮድ ተሰጥቷቸዋል፤ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ እንዲሁ። በዚህ ላይ ወልደሚካኤል እና ወልደ ሚካኤል በአንድ ክፍት ቦታ ይለያያሉ። ገብረማርያም ሌላ ቅጽ ላይ ገ/ማርያም ነው። አንዳንዱ ስም ላይ «ወ/ሮ» አብሮ ተጽፏል።

የግድ በስም ማገናኘት ካለባችሁ ለማወዳደሪያ ብቻ የሚሆን አዲስ ዓምድ ፍጠሩ። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ አምጡ፣ ክፍት ቦታውን አውጡ፣ ምህጻሩን ዘርዝሩ፣ ማዕረጉን አንሱ። ዋናውን ስም ግን አትንኩ። ሰውየው ስሙን በኃ ከጻፈ በኃ ይቆይ። በዚህ መንገድ የተገጣጠሙትን ደግሞ በቀጥታ አታስገቡ፤ ሰው አይቶ ያጽድቃቸው።

የልደት ቀን ጨምረን ብናጣራውስ? ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን አንዱ ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ ዓምድ ተቀላቅለው ከተገኙ ነገሩ የባሰ ነው። የልደት ቀኑን ራሱን ከሌላ ሰንጠረዥ ልትሞሉ ከሆነም በስሕተት ሰውን በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት ልታስረጁት ትችላላችሁ።

የፋይዳ ቁጥር በሁለቱም በኩል ካለ ከስም በብዙ እጅ ይሻላል። ሲተየብ አንድ አሃዝ ሊሳሳት መቻሉን ግን አትርሱ። ስልክ ራሱ ማገናኛ ከሆነ ደግሞ በ09 የሚጀምረውን፣ በ+251 የሚጀምረውን፣ ኤክሴል የመጀመሪያዋን ዜሮ የበላበትን በ9 የሚጀምረውን አስቀድማችሁ ወደ አንድ መልክ አምጡ።

አንድ አደገኛ ነገር ልጨምር። ማገናኛው ዓምድ ራሱ ባዶ ሲሆን ምን ይፈጠራል? ነል ከሆነ ችግር የለም፤ ነል ከነል ጋር ስለማይገጥም አይገናኙም። ባዶ ጽሑፍ ከሆነ ግን ባዶ ከባዶ ጋር እኩል ነው። የአባል ቁጥራቸው በባዶ ጽሑፍ የቀረ ሁሉ እርስ በርስ ይገጥማሉ። የማይተዋወቁ ሰዎች ስልክ ይለዋወጣሉ። የዜሮ ድርድርም ያው ነው።

ምንጩስ ዕድሜው ስንት ነው?

ክፍለ ከተማውንም ከድሮ መዝገብ እንሙላ የሚል ሊመጣ ይችላል። ለሚ ኩራ የአዲስ አበባ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ የተቋቋመው በ2020 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ መዝገብ ላይ ለሚ ኩራ የሚባል የለም። ትእዛዙ ያለ አንዳች እንከን ይሠራል፣ ማገናኛው የአባል ቁጥርም ይገጥማል፣ የሚገባው መረጃ ግን ጊዜው ያለፈበት ነው። ይህን የሚይዝ ዌር የለም። የምንጩን ቀን ጠይቃችሁ ነው የምታውቁት።

ከማስኬዳችሁ በፊት

አፕዴቱን ከመጻፋችሁ በፊት ያንኑ ግንኙነት በሰሌክት ጻፉት። ሦስት ቁጥር አውጡ፦ ስንት ባዶ አለ፣ ከእነሱ ስንቱ አቻ አገኘ፣ እንደ 102 ሁለቱም ቦታ ስልክ ኖሮት የማይገጥመው ስንት ነው። ከአቻ ካገኙት መሐል የተወሰኑትን በዓይናችሁ ተመልከቱ። ሦስተኛዎቹን አትንኩ፤ ተዘርዝረው ደውሎ ለሚያጣራ ሰው ይሰጡ።

ከዚያ የሰንጠረዡን ቅጂ አስቀምጡ። ትራንዛክሽን (እስኪጸድቅ ድረስ ሊመለስ የሚችል ሥራ) ክፈቱ፣ አፕዴቱን አስኪዱ፣ የተነካውን ረድፍ ብዛት ቀድማችሁ ካወጣችሁት ጋር አስተያዩ። ከገጠመ «ኮሚት» (አጽድቅ)፣ ካልገጠመ «ሮልባክ» (ወደ ነበረበት መልስ)። ማይኤስኪውኤል ካልተነገረው በቀር እያንዳንዱን ትእዛዝ ወዲያው ያጸድቃል፤ ስለዚህ ትራንዛክሽኑን ራሳችሁ መክፈት አለባችሁ። ማይአይሳም በሚባለው የቆየ አቀማመጥ የተሠራ ሰንጠረዥ ከሆነ ደግሞ ሮልባክ ምንም አይመልስም። ማይኤስኪውኤል በዌር ውስጥ ቁልፍ ዓምድ (እንደ አባል ቁጥር ያለ) ያልጠቀሰ፣ የረድፍ ብዛት ገደብም የሌለው አፕዴትን የሚከለክል መቆለፊያም አለው። ሠሪዎቹ ለዚህ አማራጭ «እኔ ጅል ነኝ» የሚል ሁለተኛ ስም አውጥተውለታል። ቀልዱ ሳያስቀይማችሁ ተጠቀሙበት።

ስልኩ ሲገባ አጠገቡ ከየት እንደመጣና መቼ እንደገባ የሚጽፍ ዓምድ ቢኖር መልካም ነው። ከሦስት ወር በኋላ ምዝገባው ላይ አንድ ጸሐፊ ሲሳሳት እንደነበር ቢታወቅ፣ በዚያ መንገድ የገቡትን ብቻ ለይቶ ማውጣት ይቻላል። ያ ዓምድ ከሌለ የተቀዳው ከድሮው ጋር ተቀላቅሎ ቀርቷል።

ጭራሽ ባትቀዱትስ? ምዝገባ አሁንም በየቀኑ የሚሞላ ሰንጠረዥ ከሆነ፣ ዛሬ የቀዳችሁት ስልክ ሰውየው ስልክ ሲቀይር ያረጃል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱን አገናኝቶ የሚያሳይ «ቪው» መሥራት ይሻላል። ቅድም ያየነው ኮአለስም ቦታው እዚህ ነው፤ ምንም ሳይጽፍ፣ አባላት ላይ ስልክ ካለ እሱን፣ ከሌለ የምዝገባውን ያሳያል። ምዝገባው የአንድ ጊዜ ዘመቻ ሆኖ የተዘጋ ከሆነ ግን ቅዱት። ከዚያ በኋላ አዲስ ስልክ የሚገባበት ቅጽ አባላት ላይ ብቻ እንዲጽፍ አድርጉ፤ ምዝገባውንም ማንበብ እንጂ መጻፍ እንዳይቻል ዝጉት።